ሪዳክት፣ ሴንሰር፣ ኤክስፐንጅ፦ ሁሉም «ሰረዘ» ናቸው ወይ?

ነገሩ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደ ክር ነው፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ከሥሩ ይመልሳል። ክሩን የከፈተው ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤቱ አካባቢ የትርጉምና የጽሕፈት ሥራ የሚሠራ ሰው ነው፤ መድረኩ ላይ «ባለማኅተሙ» በሚል ስም ይታወቃል። አንድ የሞላሌ ሰው ከአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፋይሉን ኮፒ አስልኮ ለትርጉም ያመጣለታል። የወረቀቱ ግማሽ በጥቁር ተለቅልቋል። ሸኚ ደብዳቤው ደግሞ ያንን ጥቁር ነገር አንዴ ሪዳክት (ሸፈነ)፣ አንዴ ዲሊት (አጠፋ)፣ አንዴ ዊዝሆልድ (ሳይሰጥ ያዘ) እያለ ይቀያይረዋል። ባለማኅተሙ አልጠየቀም፤ አቋም ይዞ ነው የመጣው። እንግሊዝኛ አንድ ቃል ለማጥፋት ብቻ ደርዘን ግስ የሚያከማች ቅንጡ ቋንቋ ነው፤ ሪዳክቱም፣ ሴንሰሩም፣ ኤክስፐንጁም፣ ባውድለራይዝ የሚሉትም በአማርኛ «ሰረዘ» ተብለው ቢታለፉ ምንም አይጎድልም፤ የሚከራከር ካለ ይምጣ፣ አለ። መምጣቱንስ መጡ።

1ኛው መልስ የሸዋ ሮቢቷ የእንግሊዝኛ መምህርት ነው። ሰላምታዋን አስቀድማ፣ ወንድሜ ብላ በትሕትና ነው የጀመረችው። ክርክሯ ግን ጠንካራ ነበር። የተሰረዘ ቃል መስመር ይሰመርበታል እንጂ ከሥሩ ይነበባል፤ ሪዳክት የተደረገ ግን አይነበብም፣ ቦታው ግን አለ፤ ስንት መስመር እንደጠፋ ቆጥሮ ማወቅ ይቻላል። ዲሊት ሲሆን ቃሉም ቦታውም የለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የመረጃ ነፃነት ሕግ መንግሥት ሰነድ ሲጠየቅ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ የማይሰጥባቸውንም 9 ምክንያቶች ዘርዝሯል። መሥሪያ ቤቱ አንድ ነገር ሲሸፍን የትኛውን ምክንያት እንደተጠቀመ በተሸፈነው ቦታ አጠገብ ማመልከት አለበት። 6ኛው ለምሳሌ የሰው የግል ጉዳይ ነው። እስቲ ከጥቁሩ ጎን ያለውን ትንሽ ጽሑፍ እየው፣ አለችው።

2ኛው ራሱ ባለማኅተሙ ነው። አየ፤ ቁጥርና ፊደል አለ። ነገር ግን ይህ የቢሮ ሥርዓት እንጂ የቋንቋ ጉዳይ አይደለም ብሎ አቋሙን አጸና።

3ኛው ላይ ነገሩ ጠመም አለ። በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት የተማሩ፣ አሁን በጡረታ ደብረ ሲና የተቀመጡ አዛውንት ናቸው የጻፉት። በሩሲያኛ ሬዳክተር የሚባለው የጋዜጣ አዘጋጅ ነው፤ አዘጋጅ ጽሑፍ ያቃናል እንጂ ጥቁር ቀለም አይደፋም፤ ስለዚህ ሸኚ ደብዳቤው «ተስተካክሏል» ማለቱ ነው፤ የዛሬ ልጆች መዝገበ ቃላት መክፈት ትታችሁ በግምት ታስተምራላችሁ፣ ብለው መምህርቷን ወጋ አደረጓት። ከዚህ በኋላ መድረኩ ሁሉ ጋሼ ሬዳክተር ይላቸው ጀመር፤ የተቀየሙ አይመስሉም።

4ኛው፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው፣ ይቅርታ ጋሼ ብሎ ገባ። አዛውንቱ ስለ ድሮው ትክክል ናቸው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ መልሶ ማምጣት፣ መልክ ማስያዝ ነው። ፈረንሳዮች ዛሬም የጋዜጣ ዝግጅት ክፍላቸውን ሬዳክስዮን ይሉታል፤ የመጽሐፍ ቅዱስ አጥኚዎችም ጥንታውያን መጻሕፍትን አሰባስቦ ስላዘጋጀው ሰው ሲናገሩ በዚሁ ቃል ይጠቀማሉ። በእንግሊዝኛ ግን ካለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ ከፍርድ ቤትና ከመንግሥት ቢሮ ተነሥቶ ትርጉሙ ወደ ጥቁሩ ቀለም ዞሯል። ዛሬ አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሪዳክትድ ሲባል ቢሰማ አዘጋጅ አይታሰበውም። ጋሼ በ5ኛው መልስ አንድ መስመር ብቻ ጻፉ፤ ቃል ቢበላሽ የእሳቸው ጥፋት እንዳልሆነ።

6ኛው የእነዋሪ ልጅ ነው። ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ለምን፣ እኛ ሳንሱር የሚል ቃል አለን፤ በእሱ ተርጉመህ ገላገለን አለው። ያቺ ቀላል አስተያየት ናት፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የክሩን ምርጡን ክፍል የከፈተችው።

ምክንያቱም 7ኛው፣ ድሮ ፈረንሳይኛ የተማረች አንዲት እናት፣ ሳንሱር ከፈረንሳይኛ የገባ ቃል መሆኑን አስታወሰች። ፈረንሳዮች ቅድመ ምርመራን የሚጠሩበት ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ሴንሸር ተብሎ ይነበባል፤ እንግሊዝኛ ውስጥ ግን ሴንሸር ማለት በይፋ መውቀስ፣ መገሠጽ ነው። ሴንሰር ነው የሚቆርጠው። ተማሪዎቻችን ሳንሱርን በጆሯቸው ይዘው ወደ እንግሊዝኛ ሲሄዱ ፊደሉ ያሳስታቸዋል፤ ጋዜጣው ታገደ ማለት ፈልገው ጋዜጣው ተወቀሰ ብለው ይጽፋሉ። መምህርቷ ወዲያው በ8ኛው ደገፈቻት፤ የ12ኛ ክፍል ድርሰት ስታርም ይህችን ስሕተት ያላየችበት ዓመት የለም።

9ኛው ረዥሙ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው ሰው። ሁለቱ ግሶች እንዴት እንደሚለያዩ በአንድ ታሪክ ላይ አሳየ፤ ሦስተኛም ጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ1834 የአሜሪካ ሴኔት ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰንን በባንክ ጉዳይ ሴንሸር አደረጋቸው፤ ማለትም በውሳኔ ወቀሳቸው። የእሳቸው ደጋፊዎች ሦስት ዓመት ሙሉ ያ ውሳኔ ከመዝገብ ይውጣልን ብለው ሲታገሉ ቆዩ። በጥር 1837 ድምፅ አግኝተው ኤክስፐንጅ ይደረግ ተባለ። የተደረገውን ተመልከቱ። ገጹ አልተቀደደም፤ ቀለምም አልተደፋበትም። የሴኔቱ ጸሐፊ የ1834ቱን ቃለ ጉባኤ አምጥቶ በውሳኔው ዙሪያ ወፍራም ጥቁር መስመር አሰመረ፤ በላዩም በሴኔቱ ትእዛዝ መውጣቱን ከነቀኑ በጉልህ ጻፈበት። ወቀሳው ዛሬም ይነበባል። ዛሬ ፍርድ ቤት የአንድን ሰው የወንጀል መዝገብ ኤክስፐንጅ ሲያደርግ ደግሞ ሰውየው እንዳልተከሰሰ እንዲቆጠር፣ ቀጣሪውም እንዳያይበት ነው። ያው አንድ ግስ አንዴ እያሳየ፣ አንዴ እየሰወረ ይሠራል።

10ኛው የመሐል ሜዳው ጠበቃ ነው። ነገሩን ወደ አገር ቤት መለሰው፤ ስለ ስርዝ ድልዝ። የጨረታ ማስታወቂያ ያነበበ ሁሉ ያውቃታል፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም የምትለዋን። ጠበቃው እንደሚለው ስርዝና ድልዝ አንድ አይደሉም። ስርዙ መስመር ነው፤ ድልዙ ፍቆ ወይም አድበስብሶ በላዩ ሌላ መጻፍ ነው። ውል ላይ አንድ ቁጥር ከተሳሳተ በአንድ መስመር ሰርዞ፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ጽፎ፣ ሁሉም ወገን እዚያው ላይ ፓራፍ፣ ማለትም አጭር ፊርማ ያደርግበታል። ድልዙ ግን ያጠራጥራል፤ በፊት ምን እንደነበር አይታወቅማ። እንግዲህ ባለማኅተሙ ሁሉም «ሰረዘ» ነው የሚለው የራሱ የሥራ ጠረጴዛ ላይ የማይሠራ ነገር ነው፤ ደንበኛው ድልዝ ይዞ ቢመጣ ማኅተሙን አይመታለትም።

እኔ ብሆን እዚህ ላይ እጅ እሰጥ ነበር። ባለማኅተሙ ግን በ11ኛው ጥሩ ነጥብ ነው፣ ግን ስለ አማርኛ እንጂ ስለ እንግሊዝኛ አይደለም አለ።

12ኛው ከጠበቃው ነገር የተቀዳ ስሞታ ነው። አንዲት ሴት ልጇን ለማስመዝገብ ከአንድ ቢሮ የተሰጣት ማስረጃ ላይ የልደት ወሩ በነጭ ማጥፊያ ተቀብቶ በላዩ ሌላ ተጽፎ ነበር። የቀባው የቢሮው ሠራተኛ፣ የተመለሰችው እሷ። ከጅሁር ደብረ ብርሃን ወርዳ፣ ተመልሳ፣ እንደገና ወርዳ። 13ኛው አይዞሽ አላት። 14ኛው የትኛው ቢሮ ነው ሲል ጠየቀ። መልስ አልሰጠችም፤ ደግ አደረገች።

15ኛው ከአንኮበር በኩል የጻፉ መሪጌታ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ከብራና ጀመሩ። ጸሐፊ ሲሳሳት ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በስለት ይፍቀዋል፤ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ይችላል። መጽሐፍ በስጦታም በሽያጭም እጅ ሲለውጥ የድሮው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ይገባበታል። የተፋቀው ቦታ ግን ይታወቃል፤ ጣት ሲያልፍበት ይሻክራል፤ ገጹን ወደ ብርሃን ሲያነሡት እዚያ ጋ ሳስቶ ያበራል። አንዳንዱ ጸሐፊ ደግሞ አይፍቅም፤ መውጣት ያለበትን ቃል ከላይና ከታች በነጠብጣብ ወይም በመስመር ይከበዋል፤ የሚያነብ ያን ሲያይ ይዘላል። የዩኒቨርሲቲው ሰው በ16ኛው ደስታውን መደበቅ አቃተው። ኢሬዝ የሚለው እንግሊዝኛ ከላቲኑ «ፋቀ» የመጣ ነው፤ ኤክስፐንጅም ከ«ወጋ»፤ አውሮፓ ውስጥም ገልባጮች መውጣት ያለበትን ፊደል ከሥሩ ነጥብ ያደርጉበት ነበር። ካንስል እንኳ ሥሩ የእንጨት ርብራብ ነው፤ ጽሑፉ ላይ መስመር አጣልፎ ርብራብ ማስመሰል። መሪጌታ ተመርቀው ወጡ፤ ማለትም መርቀው ወጡ፤ ዳግም አልተመለሱም።

ከ17 እስከ 20 ያለው ከጉዳዩ ወጥቷል። አንዱ የብራና ክታብ የት እንደሚሸጥ ጠየቀ። ሌላው ነጋዴ መስሎታል፣ ቆጣ አለበት። ሦስተኛው ሰሞኑን ጣርማበር ላይ ጉሙ መኪና እንደማያሳልፍ ተናገረ። አራተኛው የጅሩ ሰንጋ ዘንድሮ ስንት እንደገባ። ይህንን ማለፍ ይሻላል።

21ኛው ባውድለራይዝን ያነሣል፤ እስካሁን ማንም አልነካውም ነበር። ያነሣችው የፈረንሳይኛዋ እናት ናት። ቶማስ ባውድለር እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። ለቤተሰብ ጮክ ተብሎ ሲነበብ አባትን የማያሳፍር የሼክስፒር እትም ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1807 በባዝ ከተማ 20 ተውኔት ይዞ ወጣ። ሥራው በአብዛኛው የእኅቱ የሄንሪየታ ነበር፤ ነገር ግን ያላገባች እመቤት እነዚያን ጸያፍ ቦታዎች ለይታ ማወቋ ራሱ ነውር ስለነበር ስሟ አልተጻፈም። በ1818 በወንድምየው ስም በ10 ቅጽ ታተመ። ከሼክስፒር ገጸ ባሕርያት ሌዲ ማክቤዝ እጇ ላይ የሚታያትን የደም ነጠብጣብ የተረገምህ ብላ የምታባርረው፣ እዚያ ውስጥ ቀይ ብቻ ሆነ። ራሷን ያጠፋች የምትመስለው ኦፊሊያ በአደጋ ሰጠመች። በ1836 የሰውየው ስም፣ ጸያፍ የተባለውን ከመጽሐፍ ማውጣት ለማለት፣ ግስ ሆኖ ተጻፈ። ለመልካም አስቦ ሰው በስድብ ግስ መታወሱ አሳዝኗታል።

22ኛው ግን የሚያሳዝን ነገር አላየበትም። የመንዝ ሴት አያቱ ማታ ተረት ሲነግሩ ልጅ ተኝቶ እንደሆነ ያረጋግጡ ነበር፤ ካልተኛ የዝንጀሮዋ ታሪክ መሐሉ ላይ ዘሎ ይጨርሳል። ከትልልቆቹ አንዱ የጎደለውን ሊሞላ ካለ በምድጃው መቆስቆሻ ይጠቆማል። ያ ሁሉ ባውድለራይዝ ነው ከተባለ እሰየው አለ። 23ኛው መምህርቷ ናት፤ ልዩነት አለው አለች። አያትየው የዘለሉትን የሰማ ሁሉ ያውቃል፤ ሲያድግ ይጠይቃል። የባውድለርን መጽሐፍ ያነበበ ልጅ ግን ሼክስፒርን ያነበበ ነው የሚመስለው። ጥቁር የለም፣ ነጥብ የለም፣ ቦታው ተገጣጥሟል። ባለማኅተሙ የያዘው የሞላሌው ሰው ፋይል ከዚያ ይሻላል፤ ቢያንስ የተደበቀበት መሆኑን ያውቃል። ለእኔ ይህ 23ኛው ነው የክሩ አንገት። ግሶቹን በማን ሠራው ወይም ለምን ሠራው ከመለየት ይልቅ፣ መጥፋቱ ይታያል ወይስ አይታይም ብሎ መለየቱ ለተርጓሚ የሚጠቅም መስፈርት ነው።

24ኛው ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር፣ የሸኖ ልጅ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት አሜሪካ ተቀምጦ፣ ባውድለራይዝ የሚል ሰው በአፉ ሲወጣ አልሰማም፤ ተቀራራቢ ትርጉም ያለው ኤክስፐርጌትም እንደዚያው። እነዚህ የመጽሐፍ ግሶች ናቸው። የመንገዱ እንግሊዝኛ አጭር ነው፦ ቁረጠው፣ አውጣው፣ አጥቁረው። ሬዲዮ ላይ ስድብ በድምፅ ሲሸፈን ብሊፕ አደረጉት ይባላል። አንድ ፖለቲከኛ የድሮ ጽሑፎቹን ከማኅበራዊ ገጹ ካጠፋ ስክራብ አደረገው ይላሉ፤ የድስት መፈግፈጊያው ግስ ነው። ሪዳክት ግን ከቢሮ ወጥቶ ቀልድ ሆኗል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሴቶቹ ስለ አንድ ሰው ሲያሙ በስሙ ምትክ ሪዳክትድ ይሉታል፤ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሴንሰርም ይሰማል፤ በአብዛኛው ግን በቅሬታ፤ ፖስቱ የጠፋበት ሁሉ ሴንሰር ተደረግሁ ይላል። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው የዕለት አነጋገርን የሚመለከት ከሆነ ከዚህ የተሻለ መልስ ክሩ ውስጥ የለም።

25ኛው ስለ ብሊፕ ጨመረ፤ ድምፁ ብዙውን ጊዜ የ1,000 ኸርዝ ቃና እንደሆነ፣ ቀጥታ ስርጭት ላይም ነገሩ ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ እንዲተላለፍ ተደርጎ ቴክኒሻኑ ቁልፍ ለመጫን ጊዜ እንደሚያገኝ። 26ኛው የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የኒክሰንን ነገር አመጣ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1974 ዋይት ሐውስ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ ከ1,200 ገጽ በላይ የፕሬዚዳንቱን ጭውውት ሲያወጣ ፕሬዚዳንቱ የተሳደቡበት ቦታ ሁሉ ስድብ ወጥቷል የሚል ማስታወሻ ተደርጎበት ነበር፤ ሕዝቡ ከስድቡ ይልቅ በማስታወሻው ሳቀ፤ በየገጹ ሲደጋገም ሰውየው ምን ያህል ተሳዳቢ እንደሆኑ ማስታወሻው ራሱ ቆጠረባቸው።

እዚህ ላይ ነው 27ኛው የፈነዳው። አሜሪካ፣ አሜሪካ፣ አሜሪካ! የራሳችንን ሳንሱር የምታውቁ ሰዎች አፋችሁን ዘግታችሁ የኒክሰንን ስድብ ትቆጥራላችሁ አለ። በንጉሡም በደርጉም ጊዜ ጽሑፍ ከማተሚያ ቤት በፊት መርማሪ ፊት ያልፍ ነበር፤ እስከ 1987ቱ ሕገ መንግሥት ድረስ። ጠበቃው በ28ኛው አረመው፤ ሳንሱርን መጀመሪያ ያስቀረው የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 የቅድሚያ ምርመራ ክልክል መሆኑን አጸናው። በወረቀት፣ ብሎ ጨመረበት፤ ሌላ አላለም።

29ኛው ለተቆጣው ሰው የተሰጠ ይመስላል። በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን የቀበሌ ኪነት ውስጥ የነበሩ ሰው ናቸው። የዘፈን ግጥም ለካድሬው ቀርቦ ይታይ ነበር። የከተማውን ብርድ የሚያነሣ አንድ ስንኝ ነበራቸው። ካድሬው ቀዩን እስክሪብቶ አወጣና በአብዮቱ ዘመን የበረደው ማነው ብሎ ጠየቀ። የመለሰ የለም። ብርዱን ሰረዘው፤ በላዩ ነፋስ ብሎ ጻፈ። መድረክ ላይ ዘፋኙ ነፋስ ሲል ሕዝቡ ድሮ የሚያውቀውን ቃል በአንድ ድምፅ መለሰለት፤ ካድሬው ፊት ወንበር ላይ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ተቀምጧል። ጋሼ ሬዳክተር በ30ኛው፣ ካድሬው ያደረገው ራሱ ሬዳክት ነው፤ አስተካከለ፣ እኔም ያልኩት ይህንን ነበር አሉ። የዩኒቨርሲቲው ሰው እንግሊዞች ለዚህ ብሉ ፔንስል የሚል ግስ እንዳላቸው ነገራቸው፤ በሰማያዊ እርሳስ መቁረጥ። እነሱም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. እስከ 1968 ድረስ ተውኔት መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሎርድ ቻምበርለን የሚባለው የቤተ መንግሥት ሹም ቢሮ ገብቶ መፈቀድ ነበረበት።

32ኛው አጭርና መርዝ ነበር። እዚህ አገር ያሉ ተርጓሚዎች እንግሊዝኛ ሳይችሉ በማኅተም ይበላሉ ይላል። ባለማኅተሙ በ33ኛው መልስ ሰጠ፤ ሰውየውን ለይቶ ቢናገር ይሻል ነበር፣ ቤተሰቡን አነሣ። 34ኛው የለም። ቁጥሩ አለ፣ ከሥሩ መልሱ በአወያዩ መነሣቱን የሚገልጽ ግራጫ መስመር ብቻ ነው። ከ35 እስከ 39 ስለዚያ ግራጫ መስመር ሆነ። አንዱ ሴንሰር ተደርጓል ብሎ ጮኸ። ሌላው ቤት ውስጥ የሚሳደብን እንግዳ ማስወጣት ሳንሱር አይደለም አለ። ሦስተኛው ቃሉን ያነበብን ሦስት ሰዎች ስላለን ልንገራችሁ ብሎ ዳር ዳር አለ፤ ተዉት አሉት። አወያዩ በ39ኛው ገብቶ፣ ሳነሣው ቁጥሩን ማዟዟር እችል ነበር፣ ሆን ብዬ ነው ቦታውን የተውኩት አለ። መምህርቷ ላይክ አደረገችለት።

40ኛው ወጣት ነው፤ እናንተ ስለ መስመር ታወራላችሁ፣ እኛ በቲክቶክ ራሳችንን ነው የምንቆርጠው አለ። ጦርነት የሚለውን በየፊደሉ መሐል ነጥብ እየጨመሩ ይጽፉታል፤ ገደለ ማለት ፈርተው ምልክት ይደርቱበታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችም ሞተ በማለት ፈንታ አንአላይቭ ይላሉ፤ ማሽኑ እንዳይሰማቸው። ማን እንደሚቆርጥ እንኳ አይታወቅም፤ ብቻ ቪዲዮው ሰው ጋ አይደርስም። ለዚህኛው ጥሩ ግስ ማንም አላቀረበም፤ ክሩም ሳይቆይበት አለፈው፤ ቢቆይበት እወድ ነበር።

41ኛውን ማንም ሳያመሰግነው የቀረ ቢሆንም በተግባር የሚበልጠው እሱ ነው። ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ፣ ለባለማኅተሙ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። የደንበኛን ስም ወይም የባንክ ቁጥር ለመሸፈን ጽሑፉ ላይ ጥቁር ሳጥን ስሎ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ሪዳክት አይደለም። ሳጥኑ ከላይ ነው፣ ጽሑፉ ከሥር አለ፤ በማውስ ጎትቶ፣ ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ ቢለጥፉት ይነበባል። በጥር 2019 እ.ኤ.አ. የትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ የነበረው የፖል ማናፎርት ጠበቆች ለፍርድ ቤት ያስገቡት ሰነድ ልክ በዚህ መንገድ ተገልጧል፤ ጋዜጠኞች ከጥቁሩ ሥር ያለውን ኮፒ አድርገው አነበቡት። በስልክ ፎቶ ላይ በማርከር ማጥቆርም አያስተማምንም፤ ማርከሩ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ የፎቶውን ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት ሥሩ ይወጣል። የሚሻለው ለዚሁ የተሠራውን መሣሪያ መጠቀም ነው፤ ካልሆነም ሸፍኖ ማተም፣ የታተመውን መልሶ ስካን ማድረግ።

42ኛው ባለማኅተሙ ነው፤ ለስለስ ብሎ። ክርክሩን አሸነፋችሁ አላለም፤ ለደንበኛው ምን ልጻፍ የሚል ነው። ተሸፍኗል፣ ተጋርዷል፣ ጠቁሯል፣ ተቀብቷል፤ ሐሳብ ጎረፈለት። ተቀብቷል የሚለው ቅብዐ ቅዱስ ያስመስላል ተብሎ ወደቀ። ጋሼ ሬዳክተር ተስተካክሏል የሚለውን አሁንም አልተዉም። ጠበቃው በ47ኛው ያቀረበው ይዞ ቀረ፦ በጥቁሩ ቦታ ሁሉ ይህ ክፍል በላኪው መሥሪያ ቤት በጥቁር ተሸፍኗል ተብሎ ይጻፍ፤ ከጎኑ ያለው የሕጉ ቁጥር እንዳለ ይገልበጥ፤ ሙሉ ገጽ የሌለበት ቦታ ደግሞ ገጹ በላኪው ወጥቷል ይባል። «ተሰርዟል» የሚለው ግን አይግባ፤ የሚያነበው ዳኛ የደብረ ብርሃን ተርጓሚ የሰረዘው ይመስለዋል። ባለማኅተሙ ይህን ተቀበለ።

የመጨረሻዎቹ መልሶች ስለ ዋጋ ናቸው። የሞላሌው ደንበኛ ዘመድ ነኝ የሚል ሰው በ49ኛው ብቅ ብሎ፣ ትርጉሙ በገጽ የሚከፈል ከሆነ ሙሉ በሙሉ የጠቆሩት 11 ገጾች ለምን ይታሰባሉ ብሎ ጠየቀ። ባለማኅተሙ እያንዳንዱ ገጽ ማኅተምና ፊርማ ስላለበት ይታሰባል ሲል መለሰ። 51ኛው፣ አንድ ዐረፍተ ነገር 11 ጊዜ ኮፒ ፔስት ማድረግ ትርጉም ነው ወይ አለው። በግማሽ ይሁን ያለም አለ። እስከ ትናንት ማታ ድረስ አልተስማሙም።